የቁስቋሙ ሰርቪስ

የጡረታ ጉዳዬን ለመጨረስ የሄድኩ ቀን፣ ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ልጅ ቀና እንኳ ሳትል «ጋሼ፣ ሰርቪስዎ ስንት ነው?» አለችኝ። እኔ አጭር ጥያቄ አልወድም፤ አጭር ጥያቄ ውስጥ ሁልጊዜ የተደበቀ ነገር ያለ ይመስለኛል። «የቱ ሰርቪስ?» አልኳት። ያኔ ቀና አለች። «እ... ማለቴ፣ የሠሩበት ዘመን።» «እሱን ነው እንዴ» ብዬ ነገርኳት፤ ጻፈች፤ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን ዕድሜዬ በሙሉ ያለቀው በዚህ በአንድ የፈረንጅ ቃል ውስጥ ነው።

የተወለድኩት ሰርቪስ ቤት ነው። ጉለሌ ውስጥ፣ ከጳውሎስ ከፍ ብሎ፣ አንድ ሰፊ ግቢ ነበር፤ ከፊት ትልቁ ቤት፣ ከኋላ በመስመር የተሠሩ ጠባብ ክፍሎች። እነዚያን የኋላ ክፍሎች ነው ሰርቪስ የምንላቸው። እናቴ ለትልቁ ቤት ልብስ ታጥብ ስለነበር አንዷ ክፍል የእኛ ነበረች። ሰርቪስ ቤት ያደገ ልጅ የትልቁን ቤት በር በድምፁ ያውቀዋል። በኃይል ከተዘጋ ጌቶች ተጣልተዋል፤ ቀስ ብሎ ከተከፈተ የሆነ ዕቃ ጠፍቷል። ዕቃ በጠፋ ቁጥር መጀመሪያ የሚፈተሸው ደግሞ የእኛ ክፍል ነው። ሰው ተጠራጣሪ ሆኖ አይወለድም። እኔ ስጠረጠር አድጌ ነው መጠርጠር የተማርኩት፤ ትምህርቱም ሳይጠቅመኝ አልቀረም።

ቀጥሎ የመጣው የመኪና ሰርቪስ ነው። ጎረምሳ ሆኜ እዚያው ሰፈራችን ካለ ጋራዥ ገባሁ፤ የጋራዡ ዋና መካኒክ ጋሽ ደምሴ ይባሉ ነበር። ለባለ መኪና ሰርቪስ ማለት ዘይት ተቀየረ፣ ፊልትሮ ተቀየረ፣ ተከፈለ፣ በቃ። ለጋሽ ደምሴ ግን ምርመራ ነበር። ባለቤቱን «ምን ሆነች?» ብለው አይጠይቁም። «ባለቤቱ የሚነግርህ የፈራውን ነው፤ መኪናዋ የሆነችውን አይደለም» ይላሉ። ማታ መኪናዋ ሥር ካርቶን ያነጥፉና ጠዋት ከሰው ሁሉ ቀድመው ገብተው ተንበርክከው ያነቡታል። ጠብታው ጥቁር ከሆነ ሞተር፣ ቀላ ካለ ካምቢዮ፣ ምንም ከሌለ ደግሞ «ማነው ካርቶኑን የቀየረው?» ብለው ይቆጣሉ። በዚያ ሁሉ ቅባት መሀል ነጭ መሐረብ ይይዙ ነበር፤ ዘይቱን በሁለት ጣት አሽተው፣ አሽትተው፣ መሐረቡ ላይ ጠረግ አድርገው ወደ ብርሃን ያዞሩታል።

ከሁሉም የወደድኩላቸው የማንኪያዋን ፈተና ነው። ከፍሬን ዘይት ማስቀመጫው ጥቂት ይቀዱና በአሮጌ ማንኪያ አድርገው ከሥሩ እሳት ይለኩሳሉ። ደህና ዘይት ዝም ብሎ ይሞቃል። ውሃ የገባበት ቶሎ ይንጫጫል። «ፍሬን ቁልቁለት ላይ ይግላል» ይሉኛል ማንኪያዋን ይዘው። «ሲግል ውስጡ ያለው ውሃ እንፋሎት ይሆናል። ዘይት አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። ፔዳሉን ስትረግጥ የምትረግጠው አየር ነው።» ከዚያ ማንኪያዋን ጠርገው ደረት ኪሳቸው ይከታሉ። አንድ ሌላም አባባል ነበራቸው፤ «የሚጎድለውን ማንም ያያል፤ አንተ የማይጎድለውን ጠርጥር።» ያን ጊዜ ለማስፈራራት የሚሉት መስሎኝ ነበር።

ከጋራዡ ወጥቼ የአንድ መሥሪያ ቤት ሹፌር ሆንኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ጡረተኛም ቢሆን ሰው ጠላት አያጣም። ብዙ የስምሪት አለቆች አይቻለሁ። አንዱ ነዳጅ በሠረቅን ቁጥር በሕልሙ የሚያይ ይመስል ጠዋት ጠዋት ፊታችንን ያጠና ነበር። ሌላው ሁሉን ያምናል፤ እሱን ይበልጥ እፈራው ነበር። ስለ ደሞዙ ባወራ ጡር ይሆንብኛል፤ አልበቃም፣ አላስራበም። መጨረሻ ላይ የሠራተኛ ሰርቪስ ተሰጠኝ። መስመሩ ከቁስቋም ተነሥቶ፣ በሽሮ ሜዳ አድርጎ፣ ቁልቁል ወደ መሀል ከተማ ነው።

ሰርቪስ መኪና ብቻ የሚመስለው ተሳፍሮ የማያውቅ ሰው ነው። ወንበር ሁሉ ባለቤት አለው፤ ስም አልተጻፈበትም እንጂ ከርስት አያንስም። ማን እንዳኮረፈ፣ ማን ለቅሶ እንዳለበት፣ የማን ልጅ ፈተና እንደወደቀ የሚታወቀው እዚያ ውስጥ ነው። ግርማ የሚባል የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበረን፤ መቀመጥ አይሆንለትም፣ ብረቱን ይዞ ቆሞ ከስልኩ ላይ ወሬ እያነበበ ያሰማናል። የፊተኛው ወንበር፣ ከእኔ ጎን፣ የእትዬ አስካለ ነው። እትዬ አስካለ የጽዳት ሠራተኛ ናቸው። የቁስቋም ማርያም ደጅ ሳይሳለሙ ሥራ ገብተው አያውቁም፤ ሰው ምንም ይበላቸው ያምናሉ። እኔን ግን «ሽመልስ ጠርጥር» ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ጎማ ስዞር፣ የመኪናዋን ሥር ስመለከት ባዩኝ ቁጥር «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» ብለው ይስቁብኛል፤ ስሙ በዚያው ጸደቀ።

አሮጌዋ መኪና ስትወገድ ከሌላ ቅርንጫፍ አንዲት ቅጥቅጥ ተላከችልን። ከእሷ ጋር ወሬም አብሮ መጣ። «ሰው ገድላለች፣ ደም አለባት» ተባለ። ማን እንዳለ አይታወቅም፤ ሁሉም ግን ሰምቷል። ተሳፋሪው ማማተብ ጀመረ። እኔ ደም አልፈራሁም፤ የፈራሁት «ሙሉ ሰርቪስ ተደርጎላታል» መባሉን ነው። የእኛ መካኒክ ቢንያም ይባላል፤ ጆሮው ላይ ሁልጊዜ ማዳመጫ የሰካ ወጣት። የፍሬን ዘይቷን እኔው ፊት ቀየረ። የዚህች መኪና የፍሬን ዘይት ማስቀመጫ ውጭ ሳይሆን ጋቢና ውስጥ ነው፤ ልክ ከእትዬ አስካለ ጉልበት ፊት ለፊት፣ ከትንሽ መሸፈኛ ጀርባ። «አለቀ ጋሼ፣ ሰርቪስ ሆናለች» አለኝ፣ ማዳመጫውን ሳያወልቅ። እንዲህ ያለ ሰው አላምንም። ጠዋት ጠዋት መሸፈኛውን ከፍቼ መጠኑን አያለሁ፤ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ልቤ ረጋ።

የቁስቋም ንግሥ ካለፈ ጥቂት ሰንብቶ ነው። መኪናዋ ሞልታለች። ከፊታችን ባሕር ዛፍ የጫነ መኪና ቁልቁለቱን እየተንፏቀቀ ይወርዳል፤ እኔም ከኋላው እረግጣለሁ፣ እለቃለሁ፣ እረግጣለሁ። ፔዳሉ እግሬ ሥር ለሰለሰ። ሁለተኛ ስረግጥ እስከ ወለሉ ወረደ። ሦስተኛ የረገጥኩት አየር ነው። ጋሽ ደምሴ እንዳሉት አየር። ማርሹን አወረድኩ፣ ሞተሩ ጮኸ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፤ ሽታው መጣ እንጂ መኪናዋ አልቆመችም። ባሕር ዛፉን በግራ አለፍኩት። ሽሮ ሜዳ ደርሰናል፤ ጠዋት ነው፣ ነጠላና ጋቢ የሚሰቅሉ ሰዎች መንገዱ ዳር ቆመዋል። ጥሩምባውን አልለቀቅኩትም። በስተቀኝ መንገድ ለሚሠሩት የተራገፈ የአሸዋ ክምር አየሁና እዚያ ውስጥ ከተትኳት።

ሰው አልሞተም። ቆሞ የነበረው ግርማ ግን ወደ ፊት ተወርውሮ እግሩ ተሰበረ። ስልኩ ወለሉ ላይ ወድቆ ስክሪኑ እንደበራ ነበር። እትዬ አስካለ አጠገቡ ተንበርክከው «እማምላክ፣ እማምላክ» ይላሉ። እኔ መሪው ላይ ተደፍቼ እጄ አልላቀቅ አለኝ። ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም፤ አሁንም ስጽፈው እግሬ ፔዳል ይፈልጋል።

መኪናዋ ተጎትታ ግቢ ከገባች በኋላ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው «መርምረህ አሳይ» አለኝ። ማንኪያ ፈለግኩ። ዘይቱን ከማስቀመጫው ቀድቼ ከሥሩ ላይተር ለኮስኩ። ወዲያው ተንጫጫ። ውሃ! ጥርጣሬዬ አንድ ሰው ላይ ብቻ አረፈ፤ ቢንያም ዘይቱን ሸጦ በውሃ ሞልቶታል። ይህ ያልታየ ነገር አይደለም። ለኮሚቴውም የቀየረው እሱ መሆኑን ተናገርኩ። ቢንያም ከሥራ ታገደ፤ በሚቀጥለው ስብሰባ እንደሚሰናበት፣ ከዚያም ጉዳዩ ወደ ፖሊስ እንደሚሄድ ተነገረው። በር ላይ ጠብቆኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ማዳመጫውን አውልቆ፣ «ጋሼ፣ እናቴ ትሙት፣ ውሃ አልጨመርኩም» አለኝ። በእናቱ የሚምል ሰው ይበልጥ ያስጠረጥረኛል። አልፌው ሄድኩ።

ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። መጀመሪያ ቀን ውሃ ሞልቶት ቢሆን በመጀመሪያው ቁልቁለት ባለቅን ነበር፤ እኛ ግን ለወራት ወርደናል። ደግሞም የፍሬን ሸራ እየተበላ ሲሄድ ዘይቱ በመጠኑ ዝቅ ማለት አለበት። የዚያች መኪና ዘይት ግን አንድም ቀን ዝቅ አላለም። የጋሽ ደምሴ አባባል ያኔ ገባኝ። አንድ ሰው ቀስ በቀስ ይጨምርባት ነበር። ማን? የስምሪት አለቃው? ግቢ ጠባቂው? የቀድሞው ሹፌር? ክፉ የሚመኝልኝን ሰው ሁሉ በዓይኔ አሰለፍኩ፤ ሰልፉ ረጅም ነበር።

በዚያ ሳምንት ሰርቪሱ ሁሉ ተሰብስቦ ግርማን ሊጠይቅ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ወዳለው ቤቱ ሄደ። ዳቦ ተቆርሷል፤ ሁሉም እንዴት እንደተረፈ ያወራል። እትዬ አስካለ ወደ እኔ ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሽመልስዬ፣ ለማንም እንዳትናገር። ያተረፈን እኮ የእናቴ የማርያም ጠበል ነው።»

«እሱማ እውነት ነው እትዬ።»

«የለም፣ አልገባህም። አጠጥቻት ነበር።»

«ማንን?»

«መኪናዋን ነዋ! ደም አለባት ሲሉ ጨነቀኝ። ረጨኋት፤ ግን መርጨት ብቻ ምን ይሆናል? ሰውስ ቢሆን ይጠመቃል፣ ይጠጣልም። አንተ ጎማህን ስትዞር፣ ያ ልጅ ዘይት ባጠጣት በኩል፣ ሰኞ ሰኞ ትንሽ ትንሽ ጠብ አደርግላት ነበር። ያን ባላደርግ ዛሬ ሁላችንም ሬሳ ነን።» ዓይናቸው በደስታ እንባ ሞልቷል።

ክፉ ሰው ስፈልግ ከርሜ፣ ያገኘሁት የሚወደኝን ሰው ነው። ዝም ብል ቢንያም ይባረራል፤ ምናልባትም ይታሰራል። ብናገር እትዬ አስካለ እንጀራቸውን ያጣሉ። እሱም ይቅር፤ የያዙትን እምነት አሳጣቸዋለሁ። ሌባ ቢሆኑ ኖሮ እንዴት በቀለለኝ።

ሲወጡ ልሸኝዎት አልኩና ወደ ቁስቋም የሚወስደውን አቀበት አብረን ያዝን። ወደ ኮሚቴው ከመሄዴ በፊት ለሳቸው ልነግራቸው ወስኛለሁ። ስለ ማንኪያው፣ ስለ እንፋሎቱ፣ ጋሽ ደምሴ እንደነገሩኝ አድርጌ ነገርኳቸው። መሀል መንገድ ላይ ቆሙ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«የግርማን እግር የሰበርኩት እኔ ነኝ?»

«ጠበሉ አይደለም እትዬ። ውሃነቱ ነው።»

«ለፍሬን ሁሉም ውሃ ነው?»

«ለፍሬን ሁሉም ውሃ ነው።»

ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ አነሡ። ከዚያ «ያ ልጅ ሊባረር ነው አሉ?» አሉኝ።

«አዎ።»

«እናት የለችውም?»

«አለችው። በእሷ ምሎልኝ ነበር።»

«እንግዲያው እኔው እገባለሁ። አንተ እንዳትናገር፤ የእኔን ኃጢአት አንተ አትናገርልኝም።» ዞረው ብቻቸውን ወጡ።

በስብሰባው ቀን ገብተው ቆመው ሁሉንም ተናገሩ። ሰብሳቢው ጢሙን ይዞ ብዙ ቆየና እኔን፣ ቢንያምን፣ እሳቸውን በየተራ አየ። «ማነው እንዲህ ይበሉ ያለዎት?» አላቸው። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን የምጠይቀው ይህንኑ ነበር፤ ግን ሲጠየቁ ስሰማ ደሜ ፈላ። እትዬ አስካለ ቀና ብለው «በዚህ ዕድሜዬ በማርያም ጠበል ልዋሽ?» አሉት። ጸሐፊዋ ብዕሯን አስቀመጠችና «ይሄን ምን ብዬ ልጻፈው?» አለች። ጠበል ፍሬን አበላሸ በሚል ቃለ ጉባኤ ላይ የሚፈርም ሰው ከመካከላቸው አልተገኘም። አንዱ አስቀድሞ ጾመኛ ነኝ አለ፣ ሌላው ሚስቴ ብትሰማስ አለ። በስተኋላ «ባዕድ ፈሳሽ ተገኝቷል፤ መካኒኩ ጥፋት የለበትም፤ መሸፈኛው በቁልፍ ይዘጋ» ተብሎ ተጻፈ። እትዬ አስካለን ማንም ምንም አላላቸውም። ለእሳቸው ግን ቢቆጧቸው ይሻል ነበር።

ቢንያም ተመለሰ። አዲስ ዘይት ሞላ፣ ቁልፍ ገጠመ፣ ከዚያ «አሁንስ አመኑኝ ጋሼ?» አለኝ። «በማንኪያ አሳየኝ» አልኩት። ሳቀ፤ አሳየኝ፤ ዘይቱ ዝም ብሎ ሞቀ። ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ከልቤ ነው።

መኪናዋ ሥራ በጀመረችበት ጠዋት እትዬ አስካለ መነሻው ላይ አልነበሩም። ትንሽ ወረድ እንዳልን ጃንጥላቸውን ይዘው በእግር ሲወርዱ አየናቸው። አቆምኩ። «ሂዱ፣ ሂዱ» አሉ እጃቸውን እያወዛወዙ። ግርማ ቤት ሄደው እግሩ ላይ ወድቀው ይቅርታ ጠይቀው ነበር፤ እሱም ይቅር ብሏቸዋል። ግን መኪናዋ ላይ አልወጣም አሉ። በነጋታውም፣ በሳምንቱም እንደዚያው። ያን ሁሉ ቁልቁለት በእግራቸው ወርደው፣ ላብ በላብ ሆነው ደርሰው፣ የእኛን ቢሮ ያጸዳሉ። የፊተኛው ወንበር ባዶ ነው፤ ማንም አልደፈረውም። እኔም በጎኔ ባዶውን እያየሁ መንዳት ከበደኝ።

ግርማ በክራንች የተመለሰ ቀን ቁስቋም ዘመዶቹ ዘንድ አድሮ ስለነበር ከመነሻው ተሳፈረ። መንገድ ላይ እትዬ አስካለን ሲያይ «አቁም» አለኝ። ወረደ። ክራንቹን እያንኳኳ አጠገባቸው ደረሰና አብሯቸው ቁልቁለቱን ያዘ። መስኮቴን ዝቅ አድርጌ ከኋላቸው ተንፏቀቅኩ።

«አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል?» አሉት። «ሐኪሙ ምን አለህ?»

«ሐኪሙማ በሰርቪስ ተመላለስ ብሎኛል።»

«ታዲያ ግባ!»

«እርስዎ ያልገቡበትን ምን አምኜ እገባለሁ?»

ጥቂት እርምጃ ሄዱ። ክራንቹ ጠጠር ላይ ሲንሸራተት እትዬ አስካለ ጮኸው ክንዱን ያዙት። ከኋላ ታክሲዎቹ ጥሩምባ በጥሩምባ አደረጉት። «በል ና፣ ልትገድለኝ ነው» አሉና እየደገፉት መልሰው ይዘውት መጡ። እሱን አስገብተው፣ እንደገና ትንሽ አመነቱና እሳቸውም ገቡ። መኪናው ውስጥ ማንም አልተናገረም፤ ብንናገር የሚወርዱ መስሎን ነው።

ቦታቸው ተቀመጡ። ከጉልበታቸው ፊት ያለውን ቁልፍ አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሽመልስ፣ ፍሬኑን ሞክረሃል?»

«ሞክሬያለሁ እትዬ።»

«መቼ?»

«ጠዋት፣ ሳስነሣት።»

«አሁን ሞክረው።»

ሰውን ሁሉ ስቀው የሚያምኑት እትዬ አስካለ እኔን አላመኑኝም። አዘንኩ፤ ማንንም ሳያጣሩ የሚያምኑትን ሴትዮ እንደ ራሴ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ። ዓይናቸው እያየ ረገጥኩ። «ይዟል» አልኳቸው። «ድገመው» አሉ። ደገምኩት። «እሺ፣ እንሂድ» አሉና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ጡረታ እስከወጡበት ቀን ድረስ ጠዋት ጠዋት ሳይጠይቁኝ አልተነሣሁም። ከሳቸው በኋላ የፊተኛውን ወንበር አንድ ወጣት ያዘው፤ ማዳመጫ ሰክቶ ይተኛል፣ ስለ ፍሬን ጠይቆኝ አያውቅም። እኔ ግን ቁስቋም ላይ ሞተር አስነሥቼ፣ ፔዳሉን ሁለቴ ረግጬ፣ ጮክ ብዬ «ይዟል እትዬ» ሳልል መንገድ ጀምሬ አላውቅም።